ካምፓኒስ ሃውስ፦ የውጭ ደንበኛዬን የማጣራበት ነፃ መዝገብ

ደንበኛችሁ የብሪታንያ ኩባንያ ከሆነ እድለኞች ናችሁ። ማንነቱን ከተቀመጣችሁበት ሳትነሱ፣ ያለ ምንም ክፍያ የምታጣሩበት መዝገብ አለ። ካምፓኒስ ሃውስ ይባላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። መነሻው በ1844 የወጣው የአክሲዮን ኩባንያዎች ሕግ ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ከ5 ሚሊዮን በላይ ኩባንያዎች መዝገቡ ላይ አሉ።

እኔ አኒሜሽን ሠሪ ነኝ። የአንድን ምርት አሠራር የሚያስረዱ አጫጭር ቪዲዮዎችን በርቀት ለውጭ ድርጅቶች እሠራለሁ። አብዛኞቹን ደንበኞቼን በአካል አላውቃቸውም። የማውቀው ኢሜይላቸውን፣ አርማቸውንና በቪዲዮ ስብሰባ ላይ ብቅ የሚለውን ፊት ነው። እነሱም እኔን የሚያውቁኝ በዚያው ልክ ነው። ስለዚህ ገንዘብ መሃል ሲገባ አንዱ ሌላውን «ለመሆኑ ሕጋዊ ነህ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። በፍሪላንስ ሥራ ውስጥ ካየኋቸው ጠቦች ብዙዎቹ የተነሱት ከዚህ ጥያቄ ነው። ካምፓኒስ ሃውስ ጥያቄውን በግማሽ ይመልሰዋል። ያ ግማሽ እኔን ከትልቅ ኪሳራ አድኖኛል። የቀረው ግማሽ ደግሞ የሥራ ባልደረባዬን ሊያስበላት ነበር። ሁለቱንም እነግራችኋለሁ።

አጠቃቀሙ ቀላል ነው። ድረ ገጹን ትከፍታላችሁ፣ የኩባንያውን ስም ወይም የምዝገባ ቁጥር ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ለመፈለግ አካውንት አይጠይቅም። እስከ 2015 አጋማሽ ድረስ ሰነድ ለማውረድ ይከፈል ነበር። ከዚያ ወዲህ ድረ ገጹ ላይ ያለው መረጃ ነፃ ሆኗል። ስልክ ላይም በደንብ ይሠራል።

በስም ከመፈለግ በቁጥር መፈለግ ይሻላል። የሚመሳሰል ስም ያላቸው ኩባንያዎች ሞልተዋል። ቁጥሩ ግን የአንዱ ብቻ ነው፤ ኩባንያው ስሙን ቢቀይር እንኳ አብሮት ይዘልቃል። ፊደልና አሃዝ ተደምሮ ርዝመቱ 8 ነው። ስኮትላንድ የተመዘገቡት «ኤስ ሲ»፣ ሰሜን አየርላንድ የተመዘገቡት «ኤን አይ» በሚሉ ፊደላት ይጀምራሉ። ቁጥሩን ደንበኛውን ራሱን ጠይቁት። ይህን መጠየቅ ነውር የሚመስላቸው ብዙ ፍሪላንሰሮች አውቃለሁ። ነውር አይደለም። የአገሩ ሕግ ኩባንያዎች የተመዘገቡበትን ስም፣ ቁጥርና አድራሻ በድረ ገጻቸውና በሥራ ደብዳቤያቸው ላይ እንዲያሰፍሩ ያስገድዳል። እናንተ የምትጠይቁት ቀድሞውኑ ማሳየት የነበረበትን ነው። ቁጥሩን ስጠይቀው ያኮረፈ ሰው አጋጥሞኛል። ሥራውን አልወሰድኩም።

ሌላው የቁጥሩ ጥቅም ይህ ነው፦ ብዙ ድርጅቶች ገበያ ላይ የሚታወቁበት ስምና የተመዘገቡበት ስም ይለያያል። የምታውቁትን ስም መዝገቡ ላይ ስታጡት «ፌክ ነው» ብላችሁ ለመደምደም አትቸኩሉ። ቁጥሩን አግኙና ትክክለኛውን ስም እዩ። ከዚያ ውላችሁም ሆነ ኢንቮይሳችሁ (የክፍያ መጠየቂያችሁ) ላይ የሚጻፈው ያ የተመዘገበው ስም ይሁን። በኋላ ክርክር ቢመጣ ባለዕዳው ማን እንደሆነ አያከራክርም።

ገጹ ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን የሚገባው የኩባንያው ሁኔታ ነው። «አክቲቭ» የሚል ሲያዩ ብዙዎች እፎይ ብለው ገጹን ይዘጋሉ። እኔ የምለው ገና አሁን ማንበብ ጀምሩ ነው። ያ ቃል የሚናገረው ኩባንያው ከመዝገብ አለመሰረዙን ብቻ ነው። ሥራ አለው አይልም። ገንዘብ አለው አይልም። ዕዳውን ይከፍላል አይልም።

የተመሠረተበትን ቀን ተመልከቱ። ድረ ገጹ ላይ «የ20 ዓመት ልምድ» ብሎ የሚፎክር ድርጅት መዝገቡ ላይ የዓመት ልጅ ሆኖ ሲገኝ ማብራሪያ ጠይቁ። አንዳንዴ ጥሩ ማብራሪያ አለ። ባለቤቱ ለዓመታት በግሉ ሲሠራ ቆይቶ በቅርቡ ኩባንያ ያቋቋመ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሂሳብ መግለጫውን ቀን እዩ። ቀኑ ካለፈ ገጹ ራሱ ማለፉን ይናገራል። በጊዜው ያላስገባ የግል ኩባንያ ቅጣቱ ከ150 ፓውንድ ይጀምራል፣ ከ6 ወር በላይ ከዘገየ 1,500 ፓውንድ ይቀጣል። ይህን እያወቀ የሚያዘገይ ድርጅት ወይ ዝርክርክ ነው ወይ ገንዘብ አጥሮታል። ሁለቱም ለእናንተ ክፍያ ጥሩ ምልክት አይደሉም። ነገር ግን አዲስ ኩባንያ የመጀመሪያ ሂሳቡን ለማስገባት ከተመሠረተበት ጀምሮ 21 ወር ጊዜ አለው። ስለዚህ ጀማሪው ሂሳብ ስለሌለው ብቻ አትጠርጥሩት።

የካፒታል ቁጥር ላይ ብዙም አትመኩ። ኩባንያ ሲመሠረት ካፒታሌ 1 ፓውንድ ነው ማለት ይቻላል፤ ሚሊዮኖች ነው ማለትም ይቻላል። ገንዘቡ ባንክ ውስጥ ስለመኖሩ ማንም ማስረጃ አይጠይቅም። በትልቅ የካፒታል ቁጥር ተማርከው ቅድመ ክፍያ ሳይጠይቁ ሥራ የጀመሩ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ቁጥሩ የጻፈው ሰው ቃል ነው እንጂ የባንክ ማረጋገጫ አይደለም።

እኔ ብዙ ጊዜ የማጠፋው ሰዎቹ የተዘረዘሩበት ክፍል ላይ ነው። የዳይሬክተሩ ስም አለ፣ የተወለደበት ወርና ዓመት አለ፣ ከ2016 ወዲህ ደግሞ ኩባንያውን የሚቆጣጠሩት ባለቤቶች አብረው ተዘርዝረዋል። የዳይሬክተሩን ስም ስትጫኑ የመራቸው ሌሎች ኩባንያዎች ይመጣሉ። አንድ ሰው በተከታታይ ኩባንያ እያቋቋመ፣ እያንዳንዱ ሂሳብ ሳያስገባ እየተሰረዘ ከሆነ ታሪኩን ገጹ ይነግራችኋል። በፍርድ ቤት ውሳኔ ወይም ራሱ በገባው ግዴታ ከዳይሬክተርነት የታገደን ሰው ለብቻው መፈለጊያም አለ። እዚህ ጋ አንድ ቅሬታ አለኝ። የአንድ ሰው ስም በተለያየ መልክ ከተመዘገበ መዝገቡ እንደ ሁለትና ሦስት ሰው ይቆጥረዋል። የመሃል ስም መጨመር ብቻ ይበቃል። ስለዚህ አንዱን ገጽ አይታችሁ ንጹሕ ነው አትበሉ። ስሙን እንደገና ፈልጉት፣ የልደት ወሩን አመሳክሩት።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልግባ።

አንድ የብሪታንያ ኩባንያ ተከታታይ የማብራሪያ ቪዲዮዎችን አዘዘኝ። ውል ፈረምን፣ ቅድመ ክፍያ ከፈሉ። ሠርቼ አስረከብኩ። ወደዱት። ድረ ገጻቸው ላይም ሰቀሉት። የቀረው ክፍያ ላይ ስንደርስ ግን ወሬው ተለወጠ። መጀመሪያ «ፋይናንስ ክፍሉ እያየው ነው» አሉኝ። ከዚያ ጆሮ ዳባ ልበስ ሆነ። ደጋግሜ ስወተውት አንድ ኢሜይል መጣ። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ እርስዎ የተመዘገበ ኩባንያ የለዎትም፣ ስለዚህ ኢንቮይስዎ ሕጋዊ መሆኑን ማረጋገጥ አልቻልንም፣ ሕጋዊ ድርጅት መሆንዎን የሚያሳይ ማስረጃ ይላኩልን።

ሳነበው ደሜ ፈላ። ሥራዬ እነሱ ገጽ ላይ እየሠራላቸው ነው። ውሉ ላይ ስሜ በግለሰብነት ተጽፏል። ቅድመ ክፍያውን የላኩት ለዚሁ ግለሰብ ነው። ያን ጊዜ ያልጠየቁትን ምን አስታወሳቸው? ለባልደረቦቼ ሳማክር ደግሞ የተገላቢጦሹን አሉኝ። «ፌክ ኩባንያ ናቸው፣ ገንዘብሽን እርሺው» አሉ። እነሱ እኔን የለሽም ይላሉ፣ የእኔ ሰዎች እነሱን የሉም ይላሉ። እንዲህ ያለው እንካ ሰላንታያ ማስረጃ ካልገባበት ማብቂያ የለውም።

የእነሱን ክስ በቅድሚያ ልመልስ፤ ብዙ ፍሪላንሰር በዚህ ጥያቄ ስለሚሸማቀቅ። በብሪታንያ ራሷ በግሉ ስም የሚሠራ ሰው ካምፓኒስ ሃውስ ላይ አይገኝም። መዝገቡ የኩባንያዎችና የመሰል ማኅበራት ነው። ግለሰብ ኩባንያ ሳያቋቁም ውል መፈረምና ኢንቮይስ መላክ ይችላል። የግብር ግዴታው የሚኖርበት አገር ጉዳይ ነው፤ ያንን ማሟላት የእርሱ ፈንታ ነው። ኩባንያ አለመሆን ግን ሕገወጥነት አይደለም። ሠርቶ ላስረከበ ሰው ክፍያ መከልከያም አይሆንም።

ከደንበኛ የሚመጣ የማንነት ጥያቄ ሁሉ ተንኮል ነው ማለቴ አይደለም። የአሜሪካ ደንበኞቼ ደብሊው-ኤይት ቤን የሚባለውን የግብር ቅጽ ያስሞሉኛል። ለግብር የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ያልሆነ ግለሰብ የሚሞላው ነው። ቅጹ የሚሰጠው ለከፋዩ ድርጅት ነው፤ እኔ ለግብር መሥሪያ ቤቱ አልልከውም። አንዴ ከተፈረመ መረጃው እስካልተለወጠ ድረስ፣ ከፈረምኩበት ዓመት በኋላ እስከሚመጣው ሦስተኛ ዓመት መጨረሻ ያገለግላል። የት እንደሚሞላ፣ ለምን እንደሚሞላ የታወቀ ነው። የሚጠየቀውም ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ነው። ቀና ጥያቄ መልክ አለው፦ የሚፈለገው ሰነድ በስሙ ይጠራል፣ ቀድሞ ይመጣል፣ መልስ ካገኘ ያበቃል። ሥራው ከተረከበ በኋላ የሚመጣ፣ አንዱን ስትመልሱለት ሌላ የሚወልድ ጥያቄ ጊዜ መግዣ ነው።

ጊዜ መግዣ መሆኑን በእኔ ጉዳይ ያወቅኩት ከመዝገቡ ነው። ውል ስፈርም ገጻቸው ንጹሕ ነበር። ያን ኢሜይል ካነበብኩ በኋላ እንደገና ስከፍተው ከ«አክቲቭ» አጠገብ ሌላ ነገር ተጽፏል፦ ኩባንያውን ከመዝገብ ለመሰረዝ ሐሳብ ቀርቧል። የሰነዶቹን ዝርዝር ስገልጥ ማመልከቻው አለ። ያስገባው ዳይሬክተሩ ራሱ ነው። በጋዜት ማስታወቂያ ወጥቶበታል። ጋዜት ከ1665 ጀምሮ የሚታተም የመንግሥት ማስታወቂያ መውጫ ነው። ማስታወቂያው ከወጣ በኋላ ቢያንስ 2 ወር ይጠበቃል። ተቃዋሚ ካልቀረበ ኩባንያው ይሰረዛል።

ከተሰረዘ ደግሞ የሚከሰስ ነገር የለም። የተረፈው ንብረት ለዘውዱ፣ ማለትም ለብሪታንያ መንግሥት፣ ይገባል። ባለገንዘብ፣ ማለትም ኩባንያው ዕዳ ያለበት ሰው፣ ኩባንያው ወደ መዝገብ እንዲመለስለት በ6 ዓመት ውስጥ ፍርድ ቤት ማመልከት ይችላል። ግን ከሌላ አገር ሆኖ፣ ለአኒሜሽን ኢንቮይስ፣ ያንን ማን ያደርገዋል? እኔን ሕጋዊነትሽን አረጋግጪ እያለ ያደከመኝ ድርጅት የራሱን ሕልውና ለመጨረስ ቀን እየቆጠረ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ካምፓኒስ ሃውስን የወደድኩት። ለባለገንዘብ ተቃውሞ ማቅረቢያ አለው። በኢንተርኔት ይቀርባል። ክፍያ የለውም። ጠበቃ አይጠይቅም። አገሩ ውስጥ መኖር ግድ አይደለም። ማን እንደሆናችሁ፣ ኩባንያው ምን እንደሚፈለግበት ትጽፋላችሁ፣ ማስረጃ ታያይዛላችሁ። እኔ ውሉን፣ ኢንቮይሱን፣ ሥራውን መረከባቸውን የሚያሳየውን ኢሜይልና ቪዲዮዬ ያለበትን ገጽ ስክሪንሾት አያያዝኩ። ሁለት የሕግ ነጥቦችንም ጻፍኩ። አንደኛ፣ ባለፉት 3 ወራት ውስጥ ሲነግድ የቆየ ኩባንያ በራሱ ፈቃድ መሰረዝን መጠየቅ አይፈቀድለትም። ሁለተኛ፣ ዳይሬክተሩ የማመልከቻውን ግልባጭ በ7 ቀን ውስጥ ለባለገንዘቦች የማድረስ ግዴታ አለበት። ለእኔ የደረሰኝ ነገር አልነበረም።

ተቃውሞው ተቀባይነት አገኘ። ገጹ ላይ የመሰረዙ ሂደት መታገዱን የሚገልጽ መስመር ገባ። ይህን ለመረዳት ማንንም መደወል አላስፈለገኝም። «ይህን ኩባንያ ተከታተል» የሚል ቁልፍ አለ። አካውንት ከፍቶ ቁልፉን የተጫነ ሰው አዲስ ሰነድ በገባ ቁጥር ኢሜይል ይደርሰዋል። በእኔ ዕይታ ከአገልግሎቱ ሁሉ ለፍሪላንሰር የሚጠቅመው ይህ ቁልፍ ነው። አንድ ደንበኛ ዛሬ ጤነኛ መሆኑ ለነገ ዋስትና አይደለም። ሥራው ሦስትና አራት ወር ከፈጀ በመሃል ብዙ ነገር ይለወጣል።

ከዚያ ወደ ተመዘገበው አድራሻ በፖስታ ደብዳቤ ላክሁ። ኢሜይል «አላየሁትም» ይባላል። በብሪታንያ ሕግ ግን ለኩባንያ የሚደርስ ሰነድ ወደ ተመዘገበ አድራሻው ከተላከ እንደ ደረሰ ይቆጠራል። ደብዳቤው ላይ በእነሱ አገር ሕግ ለሚመራ የንግድ ውል የሚሠራውን የ1998 የዘገየ ክፍያ ሕግ ጠቀስኩ። ሕጉ ከባንክ ኦፍ ኢንግላንድ መነሻ ወለድ በላይ 8 በመቶ ያስከፍላል። በተጨማሪም እንደ ዕዳው መጠን 40፣ 70 ወይም 100 ፓውንድ ካሳ አለው። ውላችን የሚመራበት ሕግ የእንግሊዝ ሕግ መሆኑ ተጽፎ ስለነበር ጠበቃ ሳልይዝ ይህን ማለት ቻልኩ።

ዳይሬክተሩ መለሰ። ስለ ሕጋዊነቴ አንዲት ቃል አላነሳም። ዋናውን ገንዘብ ከፈለ። ወለዱንና ካሳውን አልከፈለም፤ እኔም አልገፋሁበትም። ዕዳው ላይ ልዩነት ቢኖረን ኖሮ እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ እስከ 10,000 ፓውንድ ያለ ክርክር በትናንሽ ጉዳዮች ችሎት ይታያል። እዚያም ቢሆን የተከሳሹን ትክክለኛ ስምና አድራሻ የምታገኙት ከዚሁ መዝገብ ነው።

እስከዚህ ያመሰገንኩት መዝገብ ከባድ ጉድለትም አለው፤ አሳንሼ ላልፈው አልፈልግም።

የድምፅ ቀረጻ የምትሠራ ባልደረባዬ ከአንድ «የብሪታንያ ኩባንያ» ጥሩ የሥራ ግብዣ መጣላት። ቁጥሩን ጠየቀች፣ ሰጧት። መዝገቡ ላይ ፈለገችው፣ አለ። ብዙ ዓመት የሠራ፣ ሂሳቡን በጊዜው የሚያስገባ፣ ዳይሬክተሮቹ የታወቁ ኩባንያ ነው። ደስ አላት። ደስታዋ ሳይበርድ የሆነ «የምዝገባ ክፍያ» ቀድማ እንድትከፍል ጠየቋት። ያኔ ወደ እኔ መጣች። ኢሜይሉ የመጣበትን የድረ ገጽ ስም የምዝገባ ዕድሜ አየን። ከወር ብዙም አልዘለለም። የእውነተኛውን ኩባንያ ድረ ገጽ ፈልገን በዚያ ባለው አድራሻ ጻፍንላቸው። ስለ ሥራው ምንም አያውቁም። አጭበርባሪዎቹ የእውነተኛ ኩባንያ ስም፣ ቁጥርና አድራሻ ለብሰው ነው የመጡት።

ለዚህ ካምፓኒስ ሃውስ ምንም ሊያደርግ አይችልም። መዝገቡ ኩባንያው እንዳለ ይነግራችኋል። የሚጽፍላችሁ ሰው የዚያ ኩባንያ ሰው ስለመሆኑ አያውቅም። የየትኛውም ኩባንያ የምዝገባ ቁጥር ለማንም ክፍት ስለሆነ አጭበርባሪውም ያነበዋል። ስለዚህ በመዝገቡ ካረጋገጣችሁ በኋላ አንድ እርምጃ ይቀራችኋል፦ ደንበኛው በሰጣችሁ ሳይሆን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ባገኛችሁት አድራሻ ወይም ስልክ ኩባንያውን አግኙና ስለ ሥራው ጠይቁ። ትክክለኛ ድርጅት በዚህ አይቀየምም።

ሁለተኛው ጉድለት የቆየ ነው። መዝገቡ ለረጅም ዘመን የሚሰጡትን ሁሉ ተቀብሎ የሚያስቀምጥ መደርደሪያ ነበር። በ2013 አንድ ሰው የሥርዓቱን ድክመት ለማሳየት የወቅቱን የንግድ ሚኒስትር ቪንስ ኬብልን ዳይሬክተር አድርጎ ኩባንያ አስመዘገበ። ሚኒስትሩ አያውቁም። ምዝገባው ግን አለፈ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2018፣ የተቀጣው ድክመቱን ያሳየው ሰው ነው። ይህ ታሪክ እስካሁን ያናድደኛል። በሐሰተኛ ስም ኩባንያ እያቋቋሙ የሰው ላብ የሚበሉት በነፃነት ሲሄዱ፣ በሩ ክፍት ነው ብሎ የተናገረው ተከሰሰ።

ለውጥ የመጣው በ2023 በወጣው የኢኮኖሚ ወንጀልና የኩባንያ ግልጽነት ሕግ ነው። ከመጋቢት 4 ቀን 2024 ጀምሮ መዝጋቢው አጠራጣሪ መረጃን መጠየቅና አልቀበልም ማለት ይችላል። የፖስታ ሳጥን ቁጥር ብቻውን የተመዘገበ አድራሻ መሆኑ ቀርቷል። ከኅዳር 18 ቀን 2025 ወዲህ ደግሞ አዲስ ዳይሬክተር ማንነቱን ሳያረጋግጥ ኩባንያ ማቋቋም አይችልም፤ ነባሮቹም በቀጣዩ አንድ ዓመት ውስጥ በየተራቸው እንዲያረጋግጡ ተደርጓል። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት የገባው ሐሰተኛ መረጃ በአንድ ሌሊት አይጸዳም። የተረጋገጠ ዳይሬክተርም ዕዳ ሊክድ ይችላል።

ከአድራሻ ጋር የተያያዘ አንድ ምልክት ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የኩባንያው አድራሻ ካርዲፍ ከተማ ያለው የካምፓኒስ ሃውስ ተለዋጭ አድራሻ ሆኖ ካያችሁ ቆም በሉ። ኩባንያው ያስመዘገበው አድራሻ የእሱ አለመሆኑ ስለተደረሰበት መሥሪያ ቤቱ ራሱ አውጥቶ እዚያ አስቀምጦታል ማለት ነው። በአንጻሩ ለንደን ውስጥ አንድ አድራሻ ላይ ሺዎች ተመዝግበው ብታገኙ ያ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ቢሮ የሌላቸው ትናንሽ ኩባንያዎች የአድራሻ አገልግሎት ይከራያሉ። የቤታቸው አድራሻ በአደባባይ እንዳይታይ የሚፈልጉ ብዙ ቅን ሰዎች አሉ።

ከሌሎች መዝገቦች ጋር ሲወዳደር ካምፓኒስ ሃውስ ብዙ ይራመዳል። የአሜሪካ ኩባንያዎች መብዛት የሚታይባት የደላዌር ግዛት በነፃ የምታሳየው ስሙን፣ የመዝገብ ቁጥሩን፣ የተመሠረተበትን ቀንና ወኪሉን ነው። ኩባንያው በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ለማወቅ ይከፈላል። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ከዚያ አታገኙም። ጀርመን የንግድ መዝገቧን ከነሐሴ 2022 ጀምሮ በነፃ ከፍታለች፤ ሰነዱ ግን በጀርመንኛ ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች እውነተኛ ባለቤቶችን የሚያሳየው መዝገብ ለማንም ክፍት መሆን የለበትም ብሎ የኅብረቱ ፍርድ ቤት በኅዳር 2022 ወስኗል። ለእኛ ለፍሪላንሰሮች ያ ውሳኔ መስኮት ዘግቶብናል። ቪየስ የሚባለው የኅብረቱ አገልግሎት የቫት ቁጥር ትክክል መሆን አለመሆኑን ወዲያው ይመልሳል። የጀርመንና የስፔን ቁጥር ስታስገቡ ግን የድርጅቱን ስም አያሳይም። ኦፕን ኮርፖሬትስ የብዙ አገሮችን መዝገብ አንድ ላይ ሰብስቦ ለመጀመሪያ ፍለጋ ይመቻል። አንዳንዴ መረጃው ስለሚያረጅ ከእሱ ተነስቼ ሁልጊዜ ወደ ዋናው መዝገብ እሄዳለሁ።

ቢሻሻል የምለው አለ። የቆዩ ሰነዶች ፎቶ ሆነው ስለሚቀመጡ ውስጣቸውን መፈለግ አይቻልም። ትናንሽ ኩባንያዎች የሚያስገቡት ሂሳብ በጣም አጭር ነው፤ ትርፍና ኪሳራቸውን ሳታዩ ነው የምትጨርሱት። በአጠቃላይ ግን ለዚህ ሥራ ከተጠቀምኩባቸው ነገሮች ሁሉ አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት በድምፅ ባለሙያዋ ምክንያት ነው።

ተቃውሞ የምታቀርቡ ካላችሁ ሁለት ነገር ያዙ። ተቃውሞው ሂደቱን የሚያግደው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ ያ ጊዜ ሲያልቅ ክፍያችሁ ገና ካልመጣ አዲስ ማስረጃ ይዛችሁ እንደገና ማመልከት አለባችሁ። መሥሪያ ቤቱ ዕዳ አያስከፍልላችሁም፤ መሰረዙን ብቻ ነው የሚያዘገየው። ስለዚህ ጊዜው ሳያልፍ ደብዳቤውን ላኩ። ኩባንያውን መከታተያው ቁልፍ ላይ ደግሞ ውሉን የፈረማችሁ ዕለት ተጫኑት፤ የጋዜቱ ማስታወቂያ ወጥቶ 2 ወሩ መቆጠር ሲጀምር የሚያስታውቃችሁ ሌላ ሰው የለም።